የጽሑፍ ሥራ ረዳት በኢትዮጵያ ታሪክ፤ ከአባ ጎርጎርዮስ እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት

በጽሑፍ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚጠይቀው፥ የጻፈውንም የሚያርምለት ባልንጀራ ያገኘ እንደ ሆነ ሥራው ይቀናዋል። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ይህ ባልንጀራ ሰው መሆኑ ቀርቶ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሆነላቸው ተማሪዎች ብዙዎች ናቸው፤ የዚህም ጽሑፍ አዘጋጅ ከእነዚሁ አንዱ ነው። ነገሩ አዲስ ይመስላል። ነገር ግን የረዳቱ ዕውቀት ከማን የመጣ ነው የሚለው ጥያቄ የቈየ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 ሮም ላይ አባ ጎርጎርዮስን ሲያገኝ ግእዝን ከመጻሕፍት ተምሮ ነበር እንጂ የሚጠይቀው የአገር ተወላጅ አልነበረውም። በ1652 ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ተጠርቶ ሄደ፤ በዚያም ስለ ቋንቋው፥ ስለ ቤተ ክርስቲያኑና ስለ ነገሥታቱ ብዙ ተጠየቀ፥ ብዙም መለሰ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፥ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ሲያሳትም ጎርጎርዮስ በሕይወት አልነበረም፤ በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከብ ተሰብሮበት ሞቶአል። ሉዶልፍ ግን የመምህሩን ስም አልሸሸገም። ከዚህም የተነሣ ዛሬ መጽሐፉን የሚያነብ ሰው መልሱን የሰጠው የአምሐራ አገር ሰው፥ የካቶሊክን እምነት ተቀብሎ ከአገሩ የወጣ ካህን መሆኑን ያውቃል፤ ቃሉንም በዚያ መጠን ይመዝናል።

እንዲህ ያለ ዕድል ያልገጠማት አስቴር ጋኖ ናት። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሸጦ ከአገሩ ርቆ ስላደገ ኦሮምኛው ሳስቶበት ነበር። አስቴር ቃሉን፥ ተረቱንና ዘፈኑን አቀረበችለት፤ በ1894 በታተመው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ የእርስዋ እጅ ብዙ ነው። በ1899 መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ሲታተም ግን ስሙ የገነነው ኦነሲሞስ ነው፤ የረዳቲቱም ድርሻ ለብዙ ዘመን በጥላው ሥር ቀረ።

የወላይታ ሰው በዚህ ጉዳይ የራሱ የሆነ ትዝታ አለው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የወላይታ፥ የጋሞ፥ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅለው ዎጋጎዳ የተባለ የትምህርት ቋንቋ ተሠራ፥ መጻሕፍትም ታተሙ። አራቱ ቋንቋዎች መቀራረባቸው እውነት ነው። ለሶዶ ተማሪና መምህር ግን መጽሐፉ ማንም በቤቱ የማይናገረውን ንግግር ይናገር ነበር። በ1999 መጨረሻ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፥ ሰውም ሞተ፤ መጻሕፍቱ ቀሩ፥ በ2000ም ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

አዲሱ ረዳት ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ የሚጽፍ ነው። ጽሑፍ በሳሳበት ስፍራ ከጎረቤቱ ይበደራል። እኔ በወላይትኛ ያጻፍሁትን አንድ ገጽ ለእናቴ ባነብላት፥ «ይህ ልጅ ከኦሞ ማዶ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔን ግን አላሳቀኝም፤ ዎጋጎዳ ያለ ሚኒስትርና ያለ ማተሚያ ቤት ተመልሶ የመጣ መሰለኝ፤ አሁን ደግሞ በማን ላይ እንደሚጮህ አይታወቅም።

ስለ ትውልድ ቀበሌዬ ስለ ሃላሌም ጠየቅሁት። የኪንዶ ዲዳዬ ከተማ መሆንዋን በትክክል ተናገረ፤ ወዲያው ግን ስለ አመሠራረትዋ አንድ ረዥም ታሪክ አወጋኝ። ከየት እንዳገኘው ብጠይቅ የመጽሐፍ ስም ሰጠኝ፤ መጽሐፉ በቤተ መጻሕፍት የለም፥ የሚያውቀው መምህርም አላገኘሁም። ይህን ለአንድ የሃላሌ ሽማግሌ በነገርሁ ጊዜ የጠየቁኝ፥ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?» ብለው ነው። እርሳቸው የ1894ቱን የንጉሥ ጦናን ጦርነት ሲያወሩ አስቀድመው፥ «እኔ ከአባቴ ሰማሁ፥ አባቴም ከአጎቱ» ይላሉ፤ የማያውቁት ላይ ሲደርሱም «ይህን አልነገረኝም» ብለው ያቆማሉ።

ይህን ስል መሣሪያው አልጠቀመኝም ማለቴ አይደለም። የተዘበራረቀ ማስታወሻዬን በቅደም ተከተል አስቀምጦልኛል፥ እንግሊዝኛዬንም አርሞልኛል። ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ እንደ ተቃዋሚ ሆኖ እንዲጠይቀኝ ባዘዝሁት ጊዜ ነው፤ ለሽማግሌዎቹ ማንሣት የነበረብኝንና የዘነጋሁትን 11 ጥያቄ አወጣ። ከእነዚያ ሰባቱ ተመልሰዋል፤ ከየመልሱም አጠገብ የተናጋሪው ስምና የአባቱ ስም ተጽፎአል። ለአራቱ በመጪው ክረምት ወደ ሃላሌ እሄዳለሁ።