ራም ያጠራቸው ስልኮች ታሪክ

በስልክ ጥገና ሥራዬ «ራሙ ሞላብኝ» የማይለኝ ደንበኛ ጥቂት ነው። የመጀመሪያው አይፎን እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ራሙ፣ ማለትም የተከፈቱ መተግበሪያዎችን የሚይዝበት ማህደረ ትውስታ፣ 128 ሜጋባይት ብቻ ነበር። አፕል የሌሎች ድርጅቶች መተግበሪያዎች ከጀርባ እንዲሠሩ የፈቀደውም በ2010፣ በአይፎን ስርዓተ ክወና በአይኦኤስ 4 ነው። በ2008 ገበያ የገባው አንድሮይድ ግን ገና ከጅምሩ ብዙ መተግበሪያ ባንዴ ይይዝ ነበር፤ ራም ሲያጥረው ተጠቃሚው የማያያቸውን ራሱ ይዘጋል። በ2013 የመጣው ኪትካት የተባለው የአንድሮይድ ስሪት ደግሞ 512 ሜጋባይት ራም ላላቸው ርካሽ ስልኮችም ታስቦ ተሠራ።

ስልኩ ራሱ የሚዘጋ ቢሆንም፣ ዛሬም ደንበኞቼ ስልኩን ከማቀበላቸው በፊት ቴሌግራሙን፣ ዩቲዩቡን በአውራ ጣት ወደ ላይ እየጠረጉ ይዘጋሉ። የተዘጋው እንደገና ሲከፈት ግን ከዜሮ ስለሚነሳ ጊዜም ባትሪም ይበላል። መተግበሪያው ደርቆ ካልቆመባችሁ በቀር አትዝጉት፤ ሥራውን ለስልኩ ተዉለት።