ዲጎክሲጀኒን

የቃሉ ሥር በላቲን «ጣት» ነው፤ «ዲጂታል» የምንለው ቃልም ከዚያው ይመዘዛል። አበባው ጣት የሚያስገባ ስለሚመስል የአውሮፓው ተክል ዲጂታሊስ ተባለ። ዲጎክሲጀኒን ከዚህ ተክል የሚገኝ ሞለኪውል ነው።

አንድ ጂን በህብረ ህዋስ ውስጥ የት እንደሚሠራ ለማየት የሚሻ ተመራማሪ ከጂኑ ቅጂ ጋር የሚጣመር የአር ኤን ኤ ሰንሰለት ሠርቶ ዲጎክሲጀኒን ያስርበታል። ቀጥሎ ዲጎክሲጀኒንን ለይቶ የሚይዝ፣ ኤንዛይም የተሸከመ ፀረ እንግዳ አካል ይጨምራል። ኤንዛይሙ የሚጨመርለትን ንጥረ ነገር ወደ ቀለም ሲለውጥ ቦታው ወይን ጠጅ ቀለም ይይዛል።

ባዮቲንም ለዚህ ያገለግላል፤ ግን ቫይታሚን ነውና በጉበትና በኩላሊት በተፈጥሮ ስለሚበዛ ያልተፈለገውም ቦታ ይቀልማል። ዲጎክሲጀኒን በእንስሳ አካል ውስጥ አይመረትም፤ ብልጫው ይኸው ነው።

ተርጓሚዎች ሆይ፣ «ቀለም» አትበሉት። ዲጎክሲጀኒን ምልክት ነው፤ ቀለሙን የሚያወጣው ኤንዛይሙ ነው።