የኩሺንግ ሕመም ምክንያት እንዴት እንደ ታወቀ

ከኩላሊቶቻችን በላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፤ አድሬናል ይባላሉ። በ1855 ዓ. ም. (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ቶማስ አዲሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እነዚህ ዕጢዎች ሲበላሹ ሰው እንደሚደክም፥ እንደሚከሳና ቆዳው እንደሚጠቍር ገለጸ። ሥራቸው ሲጐድል የሚደርሰው በዚህ ታወቀ። ከልክ ሲያልፍ የሚደርሰውን ለማወቅ ግን ገና ብዙ ዘመን ይቀር ነበር።

በ1912 ዓ. ም. ሐርቪ ኩሺንግ የተባለው አሜሪካዊ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሊቅ ስለ አንዲት የ23 ዓመት ሴት ጻፈ። ሰውነቷ ወፍሯል፥ ፊቷ ላይ ጠጕር በቅሏል፥ የወር አበባዋም ተቋርጧል። በ1932 ዓ. ም. ይህን የመሰለ ሕመም የያዛቸውን የ12 ሰዎች ታሪክ ሰብስቦ፥ የነገሩ ሥር ከአንጎል በታች ባለው ፒቱታሪ በተባለው ዕጢ ላይ የሚበቅል እብጠት ነው አለ። ሕመሙም በስሙ ተጠራ።

ይሁን እንጂ ኩሺንግ ያገኘው የእውነቱን ግማሽ ነበር። በ1934 ዓ. ም. በማዮ ክሊኒክ የነበሩት ዋልተርስ፥ ዋይልደርና ኬፕለር ይኸው ሕመም ከአድሬናል እብጠትም ሊመጣ እንደሚችል አሳዩ።

እንግዲያስ እብጠቱን ቈርጦ ማውጣት ነው፥ ይባል ይሆናል። እኛም መጀመሪያ ያሰብነው እንዲሁ ነበር። ነገር ግን እብጠቱ በደኅና ከወጣ በኋላ የሚሞቱ ሕመምተኞች ነበሩ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፒቱታሪ በደም በኩል በሚልከው መልእክት አድሬናል ኮርቲዞል የተባለውን ቅመም እንዲሠራ ያዘዋል፤ ኮርቲዞል ሲበዛ ደግሞ ዝም ይላል። እብጠቱ ግን ትእዛዝ ሳይጠብቅ ኮርቲዞሉን ያፈሳል። ፒቱታሪ ዝም በማለቱም በሌላው ኩላሊት ላይ ያለው ጤናማ ዕጢ ሥራ ፈትቶ ይመነምናል። ስለዚህ እብጠቱ በወጣ ጊዜ ሰውነት ትናንት የተትረፈረፈውን ዛሬ ፈጽሞ ያጣል። አዲሰን የገለጸው ጕድለት በኩሺንግ ሕመምተኛ ላይ መድረሱ በጣም አስገርሞናል።

ከዚህ ሞት ያዳነው ኮርቲዞን የተባለው መድኃኒት ነው። ፊሊፕ ሄንች በ1948 ዓ. ም. መገጣጠሚያዋ ለታመመ ሴት ሰጥቶ ፈተነው፤ በ1950 ዓ. ም. ከኬንዳልና ከራይክስታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ነገር ግን መድኃኒቱን አብዝተው የወሰዱት ፊታቸው እንደ ጨረቃ ክብ ሆነ። እብጠት ሳይኖርባቸው የኩሺንግን ሕመምተኞች መሰሉ! ሕመሙን የሚያመጣው፥ ከየትም ይምጣ፥ የቅመሙ መብዛት መሆኑ ከዚህ በኋላ አላጠራጠረም።

ዛሬ ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በፊት የፒቱታሪን መልእክት በደም ውስጥ ይለካሉ። መልእክቱ እጅግ አንሶ ኮርቲዞል ከበዛ ጥፋቱ ከአድሬናል ነው። እብጠቱ ከወጣ በኋላም፥ የመነመነው ዕጢ እስኪነቃ ድረስ፥ ሕመምተኛው መድኃኒቱን ለወራት ይወስዳል።