የሁለት ግራፊክስ ካርዶች ጥምረትና የብልሽቱ ፍለጋ ታሪክ

በአንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ውስጥ ሁለት ግራፊክስ ካርዶችን አጣምሮ የማሠራት ሐሳብ በተጠቃሚው ዘንድ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በዚያ ዓመት ስሪ ዲ ኤፍ ኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቩዱ 2 የተሰኘውን ካርድ ለገበያ አቀረበ። ሁለት ቩዱ 2 ካርዶች በአጭር ጠፍጣፋ ኬብል ተያይዘው የስክሪኑን አግድም መስመሮች ይከፋፈሉ ነበር፤ ይኸውም አንዱ አንደኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን እያለ ሲሥል፣ ሌላው ሁለተኛውን፣ አራተኛውንና ስድስተኛውን ይሥላል። ለብቻው 800 በ600 ነጥብ ይሥል የነበረው ካርድ በጥንድ ሲሠራ 1024 በ768 ይደርስ ነበር። ቩዱ 2 የሚሥለው የጨዋታውን ምስል ብቻ በመሆኑ፣ ለተራው ሥራ ሌላ ሦስተኛ ካርድ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህም ብልሽት ፈላጊው አስቀድሞ የሚመረምረው በእጅ የሚዳሰሰውን ነገር፣ ማለትም ኬብሉንና መክተቻውን ነበር።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 ንብረቱን ለኤንቪዲያ ለመሸጥ ተስማማ። በዘመኑ የተስፋፋው ኤ ጂ ፒ የተባለው መክተቻ በአንድ ማዘርቦርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ስለነበረ፣ ጥምረቱ ለጥቂት ዓመታት ተዳከመ። እ.ኤ.አ. በ2004 ፒ ሲ አይ ኤክስፕረስ ሲተካው፣ ኤንቪዲያ ኤስ ኤል አይ የሚለውን የቀድሞ ስም አንሥቶ ጥምረቱን መለሰው፤ በ2005 ደግሞ ኤ ቲ አይ ክሮስፋየር በሚለው ስም ተከተለ። የሥራ ክፍፍሉ ግን ተለወጠ። በአዲሱና እጅግ በተለመደው ዘዴ ካርዶቹ መስመር መካፈላቸውን ትተው፣ አንዱ አንዱን ሙሉ ምስል፣ ሌላው ቀጣዩን ሙሉ ምስል በየተራ መሣል ጀመሩ። ለዚህም እያንዳንዱ ካርድ የጨዋታውን መረጃ ሁሉ በየራሱ መያዝ ስላለበት፣ ባለ 4 ጊጋባይት ሁለት ካርዶች ለጨዋታው 8 ሳይሆን ያው 4 ጊጋባይት ነበሩ።

በየተራ መሣሉ በእጅ የማይዳሰስ አዲስ ብልሽት አመጣ። መለኪያው በሴኮንድ 60 ምስል መሣሉን እየመሰከረ፣ ተጫዋቹ ግን እንቅስቃሴው ሲንገጫገጭ ያይ ነበር። ምክንያቱም በአማካይ ቁጥሩ ውስጥ የተሸሸገው የጊዜ ልዩነት ነው። 60 ምስል በእኩል ርቀት ቢመጣ በየ16.7 ሚሊሴኮንዱ አንድ ይደርሳል። ጥንዱ ግን አንዱን በ5፣ ቀጣዩን በ28 ሚሊሴኮንድ ቢያቀርብ፣ አማካዩ ያው 60 ገደማ ሆኖ ሳለ ዐይን የሚያየው መነጣጠልን ነው። ተጠቃሚው ለሁለት ካርድ ከፍሎ ቅሬታ ሲያቀርብ፣ ቁጥሩ ምስክር አልሆነለትም።

ለውጡ የመጣው መለኪያው ራሱ በተመረመረ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የቴክ ሪፖርት ጸሐፊ ስኮት ዋሰን የሴኮንዱን አማካይ ትቶ እያንዳንዱ ምስል የወሰደውን ጊዜ መመዘን እንደሚገባ በጽሑፍ አሳየ። በ2013 ኤንቪዲያ በእያንዳንዱ ምስል ጠርዝ ላይ ባለ ቀለም ምልክት እያኖረ ወደ ስክሪኑ የሚወጣውን የሚቀርጽ የመለኪያ ስልት አወጣ። ኤ ቲ አይን በ2006 የገዛው ኤ ኤም ዲም በነሐሴ 2013 የምስሎቹን ርቀት የሚያስተካክል ድራይቨር አቀረበ። ዐይን ትክክል እንደነበረ በዚህ ተረጋገጠ።

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል የአገራችን ተረት። የካርዶቹ ጥምረት ግን እንዲህ ያለ መጠባበቂያ አልነበረም፤ አንዱ ሲታመም ሥራው በጠቅላላ ይሰናከላልና። ሆኖም ተረቱ ለብልሽት ፈላጊው መንገድ ያሳያል፦ አንዱን ካርድ አውጥቶ በሌላው ብቻ መሥራት፣ ቀጥሎም ያንኑ በሁለተኛው መሞከር። ሁለቱም በአንድ መክተቻ ላይ በየግላቸው ደኅና ከሠሩ፣ ጥፋቱ የሚፈለገው በሚያገናኛቸውና በሚጋሩት ነገር ነው፤ ይኸውም በሁለተኛው መክተቻ፣ በማያያዣው ድልድይ፣ ሁለቱን መመገብ በተሳነው ፓወር ሰፕላይ፣ ከታችኛው ካርድ የሚወጣውን ሙቀት በሚስበው የላይኛው ካርድ፣ ወይም ለዚያ ጨዋታ የተለየ መመሪያ ባልተጻፈለት ድራይቨር ውስጥ ነው።

የጥምረቱም ፍጻሜ የመጣው ከዚሁ መገጣጠሚያ ነው። አዳዲስ ጨዋታዎች አንዱን ምስል ለመሣል የቀደመውን ምስል መረጃ መጠቀም ሲጀምሩ፣ አንዱ ካርድ ሌላውን መጠበቅ ግድ ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዳይሬክት ኤክስ 12 ሥራውን የማከፋፈሉን ኀላፊነት በአመዛኙ ለጨዋታ ደራሲዎች ሰጠ፤ ሸክሙን የተቀበሉት ግን ጥቂቶች ነበሩ። በ2020 ለተጫዋቾች ከቀረቡት የአር ቲ ኤክስ 30 ካርዶች ማያያዣ የነበረው 3090 ብቻ ሲሆን፣ ኤንቪዲያ ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ለቀደሙት ካርዶች አዲስ የኤስ ኤል አይ መመሪያ ማውጣቱን አቆመ።

ብዙ ካርዶችን በአንድነት ማሠራት ግን ከዚያ ወዲህም አልቀረም። የፊልም ምስል በሚዘጋጅበትና የሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚሠለጥንበት ቦታ ካርዶች ተደርድረው ይሠራሉ። እዚያ ሥራው በሰፊው ሊከፋፈል ይችላል፤ ክፍልፋዮቹም በየ16 ሚሊሴኮንዱ ዐይን ፊት አይቀርቡም።