ከሆለታ እስከ ታጠቅ

ችግር የገባው መንግሥት ብቻውን የሚቀረው ታማኝ ሰው ሲያጣ ነው ይባላል። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለፈው ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል፤ ታማኞች አልጠፉም፣ የጠፋው እውነቱን ተናግሮ ታማኝ ሆኖ መቆየት የሚቻልበት ቦታ ነው። ይህን እንድል ያስደፈረኝ ሆለታ ነው። በ1927 ዓ.ም. በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች እዚያ የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። እጩ መኮንኖቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የጣሊያን ወረራ ደረሰባቸው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ፣ ከሆለታ ልጆች ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው ነቀምት ገቡ። እዚያም እንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና በተማሩት በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ።

ማኅበሩ ዐሥር ነጥቦች ያሉት ደንብ ነበረው። ደንቡ የጦሩ አዛዥ ለፖለቲካው አመራር እንዲታዘዝ ያዛል፤ በገበሬውና በምርኮኛው ላይ ግፍ መፈጸምን ይከለክላል፤ አባላቱ እንዳይሰደዱ፣ መማረክ የማይቀር ከሆነም ራሳቸውን እንዲያጠፉ ያሳስባል፤ ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ መሆንንም ያጸናል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ ያስደንቃሉ። ስደትን የሚከለክል ማኅበር ለተሰደደ ንጉሥ ታማኝነቱን ይምላል! ወጣቶቹ ተቃርኖው አልታያቸውም ማለት ይከብዳል። እኔ የማነበው እንዲህ ነው፤ ንጉሡን አልካዱም፣ የንጉሡን መንገድ ግን ለራሳቸው ነውር አደረጉት። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ በሚባልበት አገር፣ ሳይከሱ እውነቱን በደንብ ላይ ማስፈር የቻሉ ወጣቶች ነበሩ።

ታዲያ ምን ፈየደላቸው? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጥለው፣ የአየር ኃይል ጄኔራሉን ማሊዮኮን ጭምር ቢገድሉም፣ ከራስ እምሩ ጋር ሆነው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበው እጅ ሰጡ። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላም ከመካከላቸው የተረሸኑ አሉ። ሽንፈታቸው እውነት ነው፤ ግን ያሸነፋቸው ደንባቸው አይደለም። የወለጋ ባላባቶች፣ የነቀምቱ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ጭምር፣ በዚያው ወቅት ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ብለው የእንግሊዝን ጥበቃ ጠይቀዋል። ማዕከላዊው መንግሥት በምዕራቡ ምን ያህል ብቻውን እንደነበረ ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር ነገር የለም። ወጣቶቹ የወረሱት ሌላ ትውልድ ያመረተውን መነጠል ነው፤ ገበሬውን አትንኩ የሚለው አንቀጽም መነጠሉን እንደተረዱት ይነግረናል።

ከነጻነት በኋላ ሆለታ ተመልሶ ተከፈተ፤ የታማኝነቱ መልክ ግን ተለውጧል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውን የማይነካ ብሎ ደነገገ። እንዲህ ባለ ሥርዓት የሚመክር ሰውና የሚያምፅ ሰው አይለዩም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የሞከረው ለዙፋኑ ከሁሉ ይቀርብ የነበረው የክብር ዘበኛ፣ አዛዡም ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሆናቸው የሚገርም አይመስለኝም። ወንድማቸው ገርማሜ በወላይታ አስተዳዳሪ ሳሉ መሬት ለሌላቸው መሬት ማደል ቢጀምሩ ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ፤ ከዚያ በኋላ የቀራቸው መንገድ የመሣሪያ ሆነ።

ወታደራዊው ደርግ ሲመጣ ምክርን እንደ አመፅ የማየቱ ነገር አልቀረም፤ ባሰበት። የደርጉ ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. የተገደሉት፣ ተራማጆች ሁሉ አንድ እንዲሆኑ በአደባባይ ጥሪ ባደረጉ በቀናት ውስጥ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የኮሎኔል አጥናፉ አባተ ዕጣ ነው። ለምክትል ሊቀ መንበሩ ሚሊሻውን የማደራጀት ሥራ ተሰጣቸው፤ በሆለታ መንገድ ላይ ያለው የታጠቅ ጦር ሰፈርም የሚሊሻው ማሠልጠኛ ሆነ። አጥናፉ በኅዳር 1970 ዓ.ም. ተረሸኑ። በይፋ ከተነገሩት ወንጀሎቻቸው አንዱ የኢትዮጵያን ጥቅም ከሶሻሊዝም አስቀድመዋል የሚል ነበር። «ኢትዮጵያ ትቅደም» ብሎ የተነሣ መንግሥት ኢትዮጵያን በማስቀደም ክስ ሰው ሲረሽን፣ ከዚያ በኋላ ማን ምን ብሎ ይመክራል? መልሱ በግንቦት 1981 ዓ.ም. ታየ፤ ጄኔራሎቹ የመከሩት እርስ በርስ ነው፤ መፈንቅለ መንግሥትም ሞከሩ። ከዓመት በኋላ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። በ1983 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ጦር ወለጋን ይዞ በአምቦ በኩል ወደ ዋና ከተማዋ ሲገሰግስ፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ወጡ።

ኮሎኔሉም የሆለታ ተመራቂ ናቸውና፣ ትምህርት ቤቱ ያስተማረው ነገር የለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ልክ ነው፤ ሕንጻና የማዕረግ ምልክት ጠባይ አያወርሱም፣ የ1928ቱ ደንብም የትምህርት ቤቱ ሳይሆን የማኅበሩ ነበር። የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፤ ወታደር የሚሞተው ለሚያውቀው ሰው እንጂ ለጽሑፍ አይደለም የሚለው። ጊንጪ አጠገብ ደንዲ የተወለዱት ጃገማ ኬሎ በ15 ዓመታቸው ጫካ ገብተው በጅባትና ሜጫ ጣሊያንን የተዋጉት፣ ተከታዮቻቸውም የተሰበሰቡት በደንብ ሳይሆን በሰውየው ጀግንነት ነበር። ግን የአርበኛ አለቃ ደመወዝ አይከፍልም፣ እስር ቤትም የለውም፤ ያልተስማማው ተከታይ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ሌላ አለቃ ይሄዳል። ስለዚህ አለቃው የማይወደውንም ይሰማል። ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለ ሹም ግን የሚሄድበት የለውም፤ ጃገማም በኋላ ሌተና ጄኔራል ሆነው ያገለገሉት በዚያ ዓይነቱ ሥርዓት ውስጥ ነው።