የበር መጥሪያው

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሽቱትጋርት በሚገኘው ማኅበራችን ምድር ቤት የሚሰበሰቡት ወጣቶች ታብሌታቸውን ነካ ያደርጋሉ። አምስት ሜትር ርቆ ያለው የሐዲድ መቀየሪያ ምላሱን ያዛውራል፤ ትንሿ ባቡር ከዋናው መስመር ወጥታ ወደ ድሬዳዋ ጣቢያ ትገባለች። ባለፈው ወር፣ ወደ ሽቱትጋርት ከመጣ ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ሲገዛ እንዲህ ተገጣጥሞ ነው አይደል የሚመጣው?» አለኝ። ክፋት የለበትም፤ ያገኘውን ነው ያየው። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለ እውነተኛው ባቡር መጻሕፍት የሚሉትን ደግሜ ልለፍ። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ይህን ማንም አንብቦ ያገኘዋል። የምድር ቤታችንን ታሪክ ግን የጻፈው የለም።

አባቴ ድሬዳዋ ጣቢያ ሐዲድ ቀያሪ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር መቀየሪያውን «ኤጉይ» ይለዋል። ባቡር ሲቃረብ ፋኖሱን ይዞ ይሄዳል፤ የብረት ዘንጉን በሁለት እጁ ይገለብጣል፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ምላሱ ከሐዲዱ ጋር መግጠሙን ያያል። ጣት የማያሳልፍ ክፍተት እንኳ ቢቀር መንኮራኩሩ መንገዱን ይስታል። እራቱን የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ወጥቼ ፋኖሱ በሩቅ ዝቅ ብሎ ካየሁት ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ከፍ ሲል ሥራው አልቋል ማለት ነው። የዛሬው ባቡር፣ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪኩ፣ የሚቆመው ከከተማው ወጣ ባለ ሌላ ጣቢያ ነው።

ጀርመን የገባሁት በ1986 ነው። በመጀመሪያው የበረዶ ወራት ፍሎህማርክት በሚሉት የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ በካርቶን የታጨቀ አሮጌ የማርክሊን የመጫወቻ ባቡር ሐዲድ አገኘሁ። ፋብሪካው ከ1859 ጀምሮ እዚሁ አቅራቢያችን ጎፒንገን ያለ ነውና፣ በዚህ አካባቢ አሮጌ ሐዲድ የሌለበት ምድር ቤት አይገኝም። በካርቶኑ ውስጥ ሁለት መቀየሪያዎች ነበሩ። ጀርመኖች ዋይሸ ይሉታል፤ እኛም ዛሬ ዋይሸ ነው የምንለው። ክፍሌ ወለል ላይ ዘረጋሁትና በእጄ እቀይር ጀመር። ባቡሯ ዞራ በመጣች ቁጥር በጉልበቴ ድኼ እደርስባታለሁ። አባቴ ዘንጉን ይዞ የቆመበት ሥራ ነውና አልሰለቸኝም።

በሽቦ መቀየር ግን ሌላ ነገር ነው፤ አሳራችንን ያየነውም እዚያ ላይ ነው። በዋይሸው ጎን ሁለት ጥቅልል ሽቦዎች አሉ። አንዱ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ መካከል ያለውን ብረት ወደ ራሱ ይስባል፣ ምላሱም አብሮ ይሄዳል፤ ሌላው ይመልሰዋል። ጥቅልሉ 16 ቮልቱን የሚችለው ለቅጽበት ብቻ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ተራ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ገጠምኩለት። ምላሱ ቀጭ ብሎ ሲዞር ለብቻዬ አጨበጨብኩ፤ ማብሪያውን እንደበራ ትቼ ሻይ ላፈላ ሄድኩ። ስመለስ ክፍሉ በጭስ ታፍኗል፤ ከሁለቱ ዋይሸዎች አንዱ አልቆለታል። የሳምንት ምግቤን ቆጥቤ የገዛሁት ዕቃ ነበር።

የሚያስፈልገኝ ጣት ሲለቀው ራሱ የሚመለስ ቁልፍ ነው። ከላዬ የምትኖር አንዲት አሮጊት ጀርመናዊት የበሯን መጥሪያ በአዲስ ስታስለውጥ አሮጌውን ለመንኳት። «ምን ያደርግልሃል?» አለችኝና ሰጠችኝ። በ1987 የካቲት፣ የተረፈው ዋይሸ በመጥሪያው ቁልፍ ወደ ግራ ዞረ። ወደ ቀኝ ለመመለስ ሁለተኛ ቁልፍ ስላልነበረኝ፣ አንድ ወር ሙሉ በቁልፍ ሄዶ በእጅ ይመለስ ነበር። አሮጊቷ ወረድ ብላ አይታ «እንግዳ መጣ» ብላ ሳቀች።

በሽቦ መቀየር የተጀመረው በዚያ መጥሪያ መሆኑን አዋሽ ጣቢያ ያደገው ወንድሜ አይቀበልም። እሱ የሚለው ነገሩ የተጀመረው በ1988 እሱ ቤት ነው። በ1988 የተጀመረውስ ሌላ ነው፦ እሱ ጠረጴዛውን ሠራ፣ ስምንት ዋይሸ አንድ ላይ አሰለፍን። ያ ሥራ የእሱ ነው፤ ማንም አይነጥቀውም። ቴሌ ይሠራ የነበረው ጓደኛችንም ክብሩ ይጠበቅለት። ሦስት ዋይሸ በአንዴ ሲታዘዝ አንዱ እግሩን እየጎተተ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀር ነበርና፣ እሱ ከዳዮድ ጋር ካፓሲተር አስገባበት። ካፓሲተሩ ያጠራቀመውን በአንድ ትንፋሽ ያፈሰዋል፤ ስለዚህ ምላሱ በኃይል ይዞራል፣ ጣት ቢዘገይም ሽቦ አይቃጠልም። ነፍሱን ይማርና፣ ዛሬ ስሙን የሚያነሣው የለም።

ያኔ የነበረው የማኅበሩ ኮሚቴ «አገር በጭንቅ ላይ እያለች የልጅ መጫወቻ» ብሎ ክፍል ከለከለን። ስድስት ዓመት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ጠረጴዛ ተሸክመናል። አሁን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን ነው።

ስለ ሐዲዱ ስፋትም ተኳርፈናል። የማርክሊን ሐዲድ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእኛ የአገር ቤቱ የድሮው ሐዲድ 1 ሜትር ስለነበር በ1 ለ87 መጠን ሲቀነስ 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ለስዊስ ተራራ ባቡሮች የሚሠራ የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ አለ። እኔ «ድሬዳዋ ካልን ልክ ይሁን» አልኩ፤ ሌሎቹ ወጪውን ፈሩ። ሁለት ሰው ጥሎን ሄደ፤ በመጨረሻ ግን ሐዲዱ ተቀየረ።

ከዚያ እዚሁ ተወልዳ ምህንድስና የተማረች ልጃችን መጣች። አሁን ላሉን ሃያ አራት ዋይሸዎች በሙሉ ዲኮደር ገጠመችላቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው፣ ትእዛዙ ለሁሉም በሁለት ሽቦ ይደርሳል፣ ቁጥሩ የተጠራው ብቻ ይዞራል። ድሮ ለእያንዳንዱ ዋይሸ ሦስት ሽቦ እንስብ ነበር፤ ከጠረጴዛው ሥር የነበረውን የሽቦ ጫካ ያየ ያውቀዋል። ምስጋናው ሁሉ ለእሷ ነው፤ ይገባታልም። እሷ ራሷ ግን አሮጌውን የቁልፍ ሰሌዳ አልጣለችውም፤ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

በሰሌዳው መካከል ከሌሎቹ የማይመሳሰል አንድ ነጭ ቁልፍ አለ። ከሥሩ ባለው ፕላስቲክ ውስጥ የዚያች አሮጊት ስም በገዛ እጅ ጽሕፈቷ ተቀምጧል። የአዋሹ ወንድሜ ባለፈው ቅዳሜ መነጽሩን አድርጎ አነበበውና «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለኝ።