ሞጁላዊ ሚክሰር፦ በግል የሚነደፍና የሚሠራ የድምፅ ማደባለቂያ

ሞጁላዊ ሚክሰር እያንዳንዱ ቻናል ለብቻው በተሠራ ክፍል ላይ የተገጣጠመበትና ክፍሉም ከሻሲው ተነቅሎ ሊወጣ፣ ተመልሶም ሊገባ የሚችልበት የድምፅ ማደባለቂያ ነው። የማይክራፎኑ ፕሪአምፕ፣ ኢኩዋላይዘሩ፣ ወደ ሞኒተርና ወደ ኤፌክት የሚልኩት ማዞሪያዎች እንዲሁም ፌደሩ በአንድ ጠባብ ሞጁል ላይ ይሰፍራሉ። ሻሲው ደግሞ ኃይል ያድላል፣ የሁሉንም ቻናሎች ድምፅ በጋራ መስመሮች ሰብስቦ ለማስተር ክፍሉ ያስረክባል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ በራሱ እጅ ለመሥራት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡን የሚያሳርፈው ሞጁሉ ላይ ነው። የትኛው ፕሪአምፕ፣ የትኛው ትራንስፎርመር፣ የትኛው ኢኩዋላይዘር ይሻላል እያለ ወራት ያሳልፋል፤ ሻሲውን በመጨረሻ የሚደረስበት የብረታ ብረት ሥራ አድርጎ ያየዋል። ይህ መጣጥፍ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ይላል። ኮንሶሉ ጸጥ ያለ ወይም የሚያጉረመርም መሆኑ የሚለየው በሞጁሎቹ መካከል ባለው ነገር ነው፤ በግራውንዱ አዘረጋግ፣ በመደመሪያው መስመርና በኃይል አቅርቦቱ።

ሐሳቡ ከስድሳ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። አሜሪካዊው የድምፅ መሐንዲስ ቢል ፑትናም እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ሥራ ላይ ያዋለው 610 የተባለ ባለ ቫልቭ ማጉያ ከኮንሶሉ ተነቅሎ የሚወጣ ነበር፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላ ይተካና ቀረጻው ይቀጥላል። በእንግሊዝ የኢኤምአይ መሐንዲሶች ቲጂ12345 የተባለውን የትራንዚስተር ኮንሶል ሠሩ፤ ቢትልሶች በ1969 ያወጡት «አቢይ ሮድ» የተቀዳው በእሱ ነው። ሩፐርት ኒቭ በ1970 ያቀረቡት 1073 ሞጁል እስከ ዛሬ በብዙ ኩባንያዎች ይቀዳል። ኤፒአይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያስፋፋው 500 ተከታታይ ደግሞ ስፋቱ 38.1፣ ቁመቱ 133.35 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በ±16 ቮልት የሚሠራ ሞጁል ሲሆን በርካታ አምራቾች የሚከተሉት መለኪያ ሆኗል። በዚህ ስፋት 24 ቻናሎች ጎን ለጎን ሲደረደሩ 91 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይወስዳሉ፤ ለአንድ ሰው ክንድ የሚመች ጠረጴዛ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከፕሪአምፑ በኩል ይመጣል። በኮንሶሉ ውስጥ ከሁሉ የሚደክመው ሲግናል ከማይክራፎን የሚመጣው ስለሆነ ጥራቱን የሚወስነው እሱን የሚያጎላው ፕሪአምፕ ነው ይባላል። ቁጥሩ ግን ይህን አይደግፍም። 150 ኦም የሆነ ማይክራፎን በፊቱ ምንም ድምፅ ባይኖር እንኳ በኤሌክትሮኖቹ ሙቀት ብቻ፣ በተለመደው የክፍል ሙቀትና እስከ 20 ኪሎ ሄርዝ ባለው ስፋት፣ −131 ዲቢዩ ያህል ኖይዝ ያመነጫል (0 ዲቢዩ 0.775 ቮልት ነው)። ከዚህ በታች መውረድ አይቻልም፤ የተፈጥሮ ወለል ነው። እንደ ታት 1510 ያለ ለማይክራፎን ተብሎ የተሠራ አይሲ በከፍተኛ ጌይን ሲሠራ ከራሱ የሚጨምረው −135 ዲቢዩ ገደማ ሲሆን ሁለቱ አንድ ላይ −129.5 ይሆናሉ። እንግዲህ ከሰማይ የወረደ፣ አንዳች ኖይዝ የሌለው ፕሪአምፕ ቢገኝ የሚያስገኘው ትርፍ አንድ ተኩል ዲሲቤል ያህል ብቻ ነው። ስለ ቃና ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ባለ ትራንስፎርመር ሞጁል የራሱ ጠባይ አለው፣ ብዙዎችም ይወዱታል፤ መውደዳቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን የሞጁል ምርጫ የሚሻር ምርጫ ነው፤ ያልተወደደው ተነቅሎ ሌላ ይገባል። የሻሲው ግራውንድ ከተሳሳተ ግን የሚነቀል ነገር የለም።

የነገሩ ልብ ያለው መደመሪያው ላይ ነው። በተለመደው ንድፍ 24ቱ ቻናሎች እያንዳንዳቸው በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ አንድ የጋራ መስመር ይገባሉ፤ በመስመሩ ጫፍ ያለው ኦፕአምፕ መስመሩን ዜሮ ቮልት አጠገብ ይዞ ሁሉንም ይደምራል። ለእያንዳንዱ ቻናል ሲግናል ጌይኑ 1 ነው። ለራሱ ለኦፕአምፑ ኖይዝ ግን ጌይኑ 25 ይሆናል፤ 28 ዲሲቤል ማለት ነው። ርካሹና በየቦታው የሚገኘው 5532 እዚህ ቢገባ የሬዚስተሮቹ ኖይዝ ተጨምሮበት መውጫው ላይ −92 ዲቢዩ ገደማ ይሰጣል። ፌደሩ የተከፈተ አንድ ቻናል በራሱ −95 ዲቢዩ ኖይዝ ካለው 24ቱ ሲደመሩ በ13.8 ዲሲቤል አድገው −81 ስለሚደርሱ፣ የመደመሪያው ኖይዝ በቻናሎቹ ኖይዝ ውስጥ ይሰወራል። ይህን ይዞ «እንግዲያው መደመሪያው ችግር አይደለም» የሚል ሰው ስሌቱን በትክክል ሠርቷል፤ የተወው ግን ዋናውን ነው። 13.8 ዲሲቤል የሚለው ቁጥር የሚሠራው እርስ በርሱ ለማይተዋወቅ ኖይዝ ብቻ ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ስለሚወርድ በከፊል ይጣፋሉ። ከኮረንቲ የሚመጣው ጉርምርምታ እንዲህ አይደለም። በ24ቱም ቻናሎች ላይ በአንድ ጊዜ ወጥቶ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ስለዚህ ሲደመር 24 እጥፍ ይሆናል፤ 27.6 ዲሲቤል። አንድ ቻናል ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ፍጹም ጸጥ ብሎ ሃያ አራቱ ሲገቡ ኮንሶሉ የሚያጉረመርመው በዚህ ምክንያት ነው፤ የየሞጁሉ ጥራት ምንም ቢጨምር ይህን አያድነውም።

ጉርምርምታው የሚገባበትን በር ለማየት አንድ የመዳብ መስመር መመልከት ይበቃል። በተለመደው የሰርኪት ቦርድ ላይ መዳቡ 35 ማይክሮ ሜትር ውፍረት አለው። ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስመር 0.05 ኦም ያህል ሬዚስታንስ ይኖረዋል። በወረቀት ላይ ዜሮ ተብሎ የሚተው ቁጥር ነው። ቻናሎቹን ከማስተሩ ጋር የሚያገናኘው የግራውንድ መስመር ይህ ቢሆንና የኃይል አቅርቦቱ ሪፕል ያዘለ 1 ሚሊ አምፒር ብቻ ቢያልፍበት በሁለቱ ጫፎች መካከል 50 ማይክሮ ቮልት ይፈጠራል። መደመሪያው ይህን ልዩነት ከ24ቱም ቻናሎች እንደመጣ ሲግናል ቆጥሮ 24 ጊዜ ያባዛዋል፤ መውጫው ላይ 1.2 ሚሊ ቮልት፣ −56 ዲቢዩ ይሆናል። ቀደም ሲል ከተሰላው ከቻናሎቹ ኖይዝ በ25 ዲሲቤል ይበልጣል። አንድ ሚሊ አምፒር እንዲህ ካደረገ፣ የጠቋሚ መብራቶችና የሪሌዎች መመለሻ በዚያው መስመር ሲፈስ የሚሆነውን መገመት አይከብድም። የብዙ ቤት ፍሳሽ የንጹሕ ውኃው ቦይ ውስጥ ሲለቀቅ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ የሚፈልገው አስቀድሞ ማሰብን ነው። የሲግናሉ ግራውንድ፣ የመብራቶቹና የሪሌዎቹ መመለሻ እንዲሁም የሻሲው ብረት ከኃይል አቅርቦቱ አጠገብ ባለ አንድ ነጥብ ብቻ እስኪገናኙ ድረስ ለየብቻ ይሄዳሉ። የሲግናሉ ግራውንድ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ወፍራም የመዳብ ዘንግ ቢሆን ከማንኛውም ውድ አይሲ ይልቅ ገንዘቡን ይመልሳል። ከዚያ በላይ የሚሻ ደግሞ የመደመሪያውን ኦፕአምፕ ሁለተኛ ግቤት ማስተሩ ጋ ባለው ግራውንድ ላይ ከማሰር ይልቅ ለብቻው በተዘረጋ ሽቦ ከቻናሎቹ ግራውንድ ጋር ያገናኘዋል። ያን ጊዜ መደመሪያው የግራውንዱን ልዩነት አውቆ ይቀንሰዋል። ሁለት ተቃራኒ መስመር ያለው ባላንስድ መደመሪያ የዚሁ ሐሳብ ሙሉ መልክ ነው። ከትንንሾቹ ነገሮች አንዱ ብዙ ጊዜ ይሳታል፦ በ5532 አጠገብ የሚደረገው 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር በሁለቱ የኃይል መስመሮች መካከል ቢገባ ይበቃል። ከእያንዳንዱ መስመር ወደ ሲግናል ግራውንድ ከተገባ ግን የኃይሉን ቆሻሻ ልናጸዳው ወደምንለፋበት ቦታ ያፈስሰዋል።

በመግቢያው በኩልም ያው ጉዳይ አለ። ኒል መንሲ የተባሉት መሐንዲስ በ1995 ያሳተሙት ጽሑፍ ብዙ የተሸጡ መሣሪያዎች የኤክስኤልአር ሶኬት ቁጥር 1 እግርን፣ ማለትም የኬብሉን መከለያ፣ ከሰርኪቱ ግራውንድ ጋር በማገናኘታቸው ብቻ እንደሚያጉረመርሙ አሳይቷል። ትክክለኛው አሠራር እግሩን በቀጥታ፣ በአጭሩ፣ ከሻሲው ብረት ጋር ማሰር ነው፤ የኦዲዮ መሐንዲሶች ማኅበርም በ2005 ይህንኑ በኤኢኤስ 48 መለኪያ ደንግጓል። የ48 ቮልቱ ፋንተም ነገሩን ያወሳስበዋል። ኖይማን በ1966 ለኖርዌይ ሬዲዮ ያቀረበው ይህ ዘዴ ለማይክራፎኑ ኃይል የሚልከው በ6.8 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ሲሆን የሚመለሰው በዚያው መከለያ ነው፤ በአንድ ማይክራፎን እስከ 10 ሚሊ አምፒር፣ በ24 ቻናል ደግሞ እስከ 240። ይህ ኃይል ተመልሶ የሚሄድበት መንገድ ሻሲው ሲነደፍ ካልተወሰነለት የራሱን መንገድ ይመርጣል፤ የሚመርጠውም አብዛኛውን ጊዜ የሲግናሉን ግራውንድ ነው።

ኃይል አቅርቦቱ ከኮንሶሉ ውጭ በራሱ ሣጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት። በቻናል አሥር 5532 ቢኖር እያንዳንዱ 8 ሚሊ አምፒር ስለሚወስድ 24 ቻናሎች በየመስመሩ 2 አምፒር ያህል ይጠይቃሉ፤ በ±17 ቮልት 65 ዋት ገደማ ነው። ይህን የሚያቀርብ ትራንስፎርመር ዙሪያውን የሚረጨው የ50 ሄርዝ መስክ ከማይክራፎን መግቢያ አንድ ክንድ ርቆም ይሰማል። ቮልቴጁ በሚዋዥቅበት አካባቢ፣ በኢትዮጵያ ከተሞች እንደሚያጋጥመው፣ ሌላ ጥንቃቄም አለ፦ የትራንስፎርመሩ ውጤት የሚመረጠው ኮረንቲው ከ220 ብዙ ዝቅ ሲልም ሬጉሌተሩ በቂ ትርፍ እንዲኖረው ተደርጎ ነው። ትርፉ ካለቀ የ100 ሄርዙ ሪፕል በቀጥታ ያልፋል፣ ኮንሶሉም ማታ ማታ ብቻ የሚያጉረመርም ይሆናል።

ሌሎች ተቃውሞዎች አሉ፣ ክብደትም አላቸው። የኒቭ ሞጁሎች ከአሮጌ ኮንሶሎች እየተነቀሉ በተናጠል ይሸጣሉና ጥራቱ በሞጁሉ እንዳለ ይህ ራሱ ማስረጃ ነው የሚል አለ። 1073 ግን በመግቢያውም በመውጫውም ትራንስፎርመር አለው፤ ትራንስፎርመሩ የሁለቱን ወገን ግራውንድ ይለያል። በሄደበት ሁሉ በጸጥታ የሚሠራው የሻሲውን ችግር በውስጡ ፈትቶ ስለሚዞር ነው። ሌላው ተቃውሞ ሶኬት ያለበት ሁሉ ይበላሻል፣ በአንድ ትልቅ ቦርድ ላይ የተሠራ ሚክሰር ይታመናል የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ኦክሳይድ የያዘ እግር ከተቃጠለ አይሲ ይልቅ ለማግኘት ያስቸግራል፣ ስለዚህ በወርቅ የተለበጠ ሶኬት ላይ መቆጠብ አያዋጣም። በምትኩ የሚገኘው ግን ትልቅ ነው። ኤስኤስኤም 2017 የተባለው ተወዳጅ የፕሪአምፕ አይሲ ምርቱ ሲቆም ሞጁል ያላቸው ኮንሶሎች ቻናል በቻናል ወደ ሌላ አይሲ መዞር ችለዋል። ዋጋን በተመለከተ መካድ አይገባም፦ በግል የሚሠራ ባለ 24 ቻናል ኮንሶል ከተገዛ ዲጂታል ሚክሰር አይረክስም። ዲጂታሉ ግን አምራቹ መለዋወጫ ባቆመበት ቀን ሊሞት ይችላል። 5532 ከአርባ ዓመት በላይ እየተመረተ ያለ፣ ብዙ ፋብሪካዎች የሚሠሩት አይሲ ነው፤ በሰፈር የሬዲዮ ጠጋኝ እጅ ሊቀየርም ይችላል። አንድ ስቱዲዮ ወይም አንድ ቤተ እምነት መሣሪያውን በራሱ ሰው እያሠራ ለዘመናት ሊይዘው መቻሉ በገንዘብ ተሰልቶ የማያልቅ ዋጋ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሥራው ቅደም ተከተል ይወጣል። መጀመሪያ ሻሲው፣ የኃይል ሣጥኑና መደመሪያው ይሠራሉ፤ በየሞጁሉ ቦታ ከጋራ መስመሩ ወደ ቦታው ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይበየዳል፤ አንድም ቻናል ሳይኖር መውጫው ይለካል። ንባቡ −92 ዲቢዩ አጠገብ ከሆነ ሻሲው የሚችለውን ያህል ሆኗል። −60 ከሆነ ደግሞ ስሕተቱ ገና ሃያ አራት ጊዜ ሳይደገም ተገኝቷል፤ ሽቦ በማንቀሳቀስ ይታረማል። ቀጥሎ አንድ ሞጁል ተሠርቶ በመጀመሪያው፣ በመካከለኛውና በመጨረሻው ቦታ እየገባ ይሞከራል፤ በሦስቱ ቦታዎች የተለያየ ንባብ ከሰጠ የግራውንዱ ዘንግ ቀጥኗል ማለት ነው። የቻናሉን ቦርድ በብዛት ማሳተም የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። በየሶኬቱም ጥቂት እግሮች ባዶ ይተዋሉ፤ አሥር ዓመት ቆይቶ አንድ ተጨማሪ የሞኒተር መስመር ሲያስፈልግ ሻሲው ሳይፈታ የሚያልፈው በእነሱ ነው።